ባለ ዘውዷ ወፍ በራሷ ድምፅ ትናገር፦ ስለ ጣና የድምፅ ምሽት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ለከተማችን ሙዚቀኞች፣ የሆቴልና የዓሣ ቤት ባለቤቶች
ለጣና ዙሪያ ነዋሪዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በመጪው ጥር፣ ጥምቀት አልፎ ከተማው ረገብ ሲል፣ ጣና ዳር አንድ ምሽት ይፈቀድልን። መድረክ አንፈልግም። የክብር እንግዳ ወንበርም ይቅር። ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚያዳምጥበት ጸጥ ያለ ቦታ ካገኘን ይበቃናል። የሚሰማው ነገር ግን ከለመድነው ኮንሰርት ይለያል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እንጀራዬ ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ነው። የሠርግ ዘፈን፣ መዝሙር፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ዋሽንትም እነፋለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ማይክሮፎኔን ይዤ ወደ ረግረጉ እወጣለሁ። ወደ እንፍራንዝ፣ ወደ ጭምባ፣ ግልገል ዓባይ ጣና ውስጥ ወደሚገባበት አካባቢ። መጀመሪያ ለዘፈን መግቢያ የሚሆን የወፍ ድምፅ ነበር የምፈልገው። አሁን ዘፈኑ ቀርቶ የምታሳስበኝ ወፏ ራሷ ናት።

ባለ ዘውዷን ወፍ ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሰውነቷ ጥቁር፣ ክንፏ ላይ ሰፊ ነጭ አለባት፤ ጉንጯ ነጭና ቀይ ነው። አናቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ ደፍታለች። ክሬን ከሚባሉት ረጃጅም ወፎች ወገን ናት። ሣር ውስጥ ስትሄድ መሬቱን በእግሯ ትረግጣለች፤ ደንግጦ የሚዘለውን አንበጣ ትለቅማለች። ማታ ዛፍ ላይ ታድራለች። ዘውድ የሌላቸው ክሬኖች ዛፍ ላይ መቆም አይችሉም፤ እሷ የኋላ ጣቷ ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ትጨብጣለች። ጥሪዋ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ አጭርና ዝቅ ያለ ነው፤ ሌላው ከፍ ብሎ ይጎተታል። ከጥንዷ ጋር ስትጫወት ደግሞ ከአገጯ ሥር ያለውን ከረጢት በአየር ሞልታ ወፈር ያለ ድምፅ ታወጣለች። እሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ይህች ወፍ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብላ ተመዝግባለች። ከአገጯ ግራና ቀኝ ነጭ ላባ የለበሰ ጥንድ ነገር የሚንጠለጠልባት ትልቋ ክሬንም እንዲሁ። እሷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ያ አንድ ጫጩት በከብት ከተረገጠ ወይም በውሻ ከተበላ የዓመቱ ልፋት አለቀ ማለት ነው።

መኖሪያቸው ረግረጉ ነው። ረግረጉ ደግሞ ከየአቅጣጫው እየተነከሰ ነው። ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ጫት ይተከልበታል፣ ውሃው ይጠለፋል፣ ደንገሉ ይታጨዳል፣ ከብት ይሰማራበታል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ ደግሞ በላዩ ላይ መጣ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን የሚያበላ ሰው ነው። ችግሩ ወፏ ስትቀንስ ማንም ልብ አለማለቱ ነው። ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ይቀራል። ድምፅ ሲጠፋ ግን ምልክት አይተውም። ዘንድሮ ካልተሰማ፣ ለከርሞ የሚያስታውሰው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚወለድ ልጅ የጣና ማለዳ ድሮም እንዲህ ጭር ያለ ይመስለዋል።

እንግዲህ ወደ ሙዚቃው ልምጣ።

የሙከራ ሙዚቃ የሚባል ነገር አለ። አዝማች የለውም፣ ግጥም የለውም፣ አንዳንዴ ምትም የለውም። የእንቁራሪት ጩኸት፣ የመቅዘፊያ ምት፣ የሸምበቆ ሹክሹክታ፣ ዝም ማለት ራሱ፣ ሁሉም እንደ ኖታ ይቆጠራል። መጀመሪያ የሰማ ሰው «ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» ቢል አልፈርድበትም። ግን አሥር ደቂቃ ታግሶ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲሄድም የሚሰማው ነገር ይጨምራል።

ለምን ተራ ዘፈን አይበቃም? ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያልተዘፈነ ምን አለ? ዘፈኖቹን እወዳቸዋለሁ፤ ስንቱንም በእጄ አቀናብሬአለሁ። ግን በዘፈኖቻችን ውስጥ እንስሳው ሁልጊዜ ለሌላ ነገር ነው የሚጠራው። ሚዳቋ የቆንጆ ዓይን ትሆናለች። ወፏ ናፍቆት ተሸክማ ትሄዳለች። እንስሳው ስለ ራሱ አፉን ከፍቶ አያውቅም። የሙከራ ሙዚቃ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ወፏ ለሰው ፍቅር ማጀቢያ ሳትሆን፣ በራሷ ድምፅ፣ በራሷ ቦታ ትገባለች። ከዚያም ስትቀር፣ መቅረቷ ይሰማል። መቅረትን በጆሮ ማሰማት የሚችል ሌላ ነገር አላውቅም።

ይህን እኔ አልጀመርኩትም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮጀር ፔይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የዓሣ ነባሪዎችን ዜማ በሸክላ አሳተመ። ሕዝቡ ያንን ፍጡር እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው በዘይቱ ነበር፤ ድምፁን ሲሰማ ግን ሌላ ነገር ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገውን አደን ለማቆም ወሰነ፣ ውሳኔውም ከ1986 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሸክላው ብቻውን አደኑን አስቆመ አልልም። የተከራከሩ ሰዎች ነበሩ፣ ሰልፍ የወጡ ነበሩ። ግን ሰልፍ የወጣው ሰው ጆሮ ውስጥ ያ ዜማ ነበር።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ የ53 አደጋ ላይ ያሉ ወፎችን ድምፅ የያዘ አልበም ወጣ። ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ። ገና በዓል ሰሞን ነበር፤ አልበሙ በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተርታ ገባ። ስመ ጥር ዘፋኞች ከወፎቹ በታች ቀሩ። ገቢው ለወፍ ጥበቃ ዋለ። እኛ አገር ለአዲስ ዓመትና ለፋሲካ አልበም ሲጠበቅ የሚኖረውን ጉጉት የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የሚያስፈራውን ምሳሌም ልጨምር። በሃዋይ፣ ካዋኢ በተባለች ደሴት፣ ኦኦ የምትባል ወፍ ነበረች። ድምፅዋ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ቅጂው አለ። ወንዱ ይጠራል። ትንሽ ቦታ ይተዋል፤ መልስ የሚገባበት ቦታ ነው። ማንም አይመልስም። እንደገና ይጠራል። እኔ ይህን ቅጂ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ሥራዬን አቁሜ ወደ ቤት ሄድኩ። የጣና ወፎች ቅጂ አንድ ቀን እንዲህ እንዲደመጥ አልፈልግም። በሕይወት እያሉ ነው መደመጥ ያለባቸው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን የእኛ የዜማ ታሪክ የሚጀምረው ከምንድን ነው? ቅዱስ ያሬድ ዜማን የተማረው ከኤደን ገነት በተላኩለት ሦስት አዕዋፍ አማካይነት ነው ብለው አባቶች ያስተምሩናል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የዜማ ዓይነቶች ከዚያ ይመጣሉ። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን፣ ዲማን፣ ደብረ ኤልያስን ያፈራ አገር ሰው ለአዲስ አሰማም ባዳ አይደለም። ሰምና ወርቅ ፈልቅቆ ያደገ ጆሮ፣ በአንድ የወፍ ጥሪና በቀጣዩ ዝምታ መካከል ያለውን ነገር ለማግኘት አስተማሪ አያሻውም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልግባ። ድምፅ የሌላቸው አሉ።

ነጭ ዓሣ የምንለው የጣና ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በሐይቁ ውስጥ የዚህ ወገን 17 ያህል ዝርያዎች እንዳሉ ተመራማሪዎች ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካሉት ዓሣዎች ስለለያቸው፣ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው አደጉ። አንዱ ሌላውን ዓሣ እያደነ ይበላል፣ ሌላው ከሐይቁ ወለል ይለቅማል። በፊሊፒንስ ላናኦ በተባለ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ወገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያ ሐይቅ 15 ዝርያዎች ጠፍተዋል ተብሎ ታወጀ። ስለዚህ የእኛዎቹ ለዓለም የቀሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህ ዓሣዎች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ንጹሕ ውሃ የሚፈስበት ቦታ ፈልገው ነው። መጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ጥናት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ቁጥር ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ባለ አንድ ክሩ ስስ የናይለን መረብ መጣ። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም።

ይሄን ቁጥር እንዴት ነው በድምፅ የምታሰሙት? እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። አራት ዋሽንት ነፊዎች በአንድ ላይ ይጀምራሉ። አራት የተለያየ ርዝመት ያለው ዋሽንት፣ አራት ድምፅ፣ እርስ በርስ እየተቀባበለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዱ ዋሽንቱን ያወርዳል። ማንም ምንም አይልም። የቀሩት ሦስቱ የሱን ቦታ ሳይሞሉ ይቀጥላሉ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። የመጨረሻው ነፊ ብቻውን የራሱን ድርሻ ብቻ ይነፋል፤ የሌሎቹ ቦታ ባዶ ይቆያል። ሦስት አራተኛ ምን ያህል እንደሆነ ሰው በጆሮው ያውቀዋል። ከጓደኞቼ ጋር ስንለማመደው ሦስተኛው ሲያቆም የአራተኛው ትንፋሽ ተቆራረጠ። ብቻውን መቀጠል ከበደው። እኔም ዋናው ነገር እዚያ ላይ እንዳለ ገባኝ።

ስለ ጉማሬም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ታንኳ በመሥራት ከሚታወቁት አንድ አባት ጋር ሆነን፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ማይክሮፎን ከዳር ለቀቅን። ጉማሬዎቹ ራቅ ብለው ነበሩ። ጉማሬ ሲጮህ ድምፁ በአየርም በውሃም ባንድ ጊዜ ይሄዳል። እኛ ከላይ የምንሰማው ግማሹን ነው። አባባ የጆሮ ማዳመጫውን ተቀብለውኝ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው «አንተ ልጅ፣ ውሃው እንዲህ ሲያወራ ነው እንዴ የኖረው?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ውሃ ላይ የቀዘፉ ሰው ናቸው። ማዳመጫውን ሊመልሱልኝ አልፈለጉም፤ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ለእሷም አሰሟት። በዚያ ምሽት የነገደ ወይጦ የታንኳ ባለሙያዎች መቅዘፊያቸውን ይዘው ከሙዚቀኞቹ ጋር እንዲቀመጡ የምፈልገው ለዚህ ነው። ተመልካች አድርጌ አላስባቸውም። የሐይቁን ድምፅ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«ሰው በተጨነቀበት ዘመን ስለ ወፍና ዓሣ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። እኔም በዚሁ አገር ነው የምኖረው። ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። ግን ዓሣው ሲያልቅ ቀድሞ የሚራበው ታንኳ ያለው ሰው ነው። ረግረጉ ሲደርቅ ቀድሞ የሚደርቀው ከጎኑ ያለው ምንጭ ነው፤ ይህች ከተማ ደግሞ የምትጠጣውን ውሃ ካገኘችባቸው ምንጮች መካከል የእንፍራንዝ አካባቢ ምንጮች ይገኛሉ። የወፏና የእኛ ቤት አንድ ነው።

ለሙዚቀኞች ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ድምፅ ለመቅዳት ብላችሁ ጎጆ አትጠጉ። ባለ ዘውዷ የምትራባው በክረምት ነው፤ በዚያ ወቅት ረግረጉን ለእሷ እንተውላት። የተቀዳ ድምፅም መልሳችሁ ረግረጉ ላይ አታጫውቱ። ወፏ ባላጋራ የመጣባት መስሏት ጫጩቷን ጥላ ትነሳለች። ቀረጻው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። በዚያ ወቅት ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች በአሥር ሺዎች እዚህ ናቸው። የእነሱ የአየር ቧንቧ ደረታቸው አጥንት ውስጥ ገብቶ ስለሚጠማዘዝ ጥሪያቸው ኪሎ ሜትሮች አቋርጦ ይሰማል። ከሩቅ ሆናችሁ ትቀዳላችሁ፣ ማንንም አትረብሹም። ስለ በገና ደግሞ፦ ስሜቱ ለዚህ ሥራ ይስማማል፣ ግን የጸሎት መሣሪያ ነው። አባቶችን ሳናማክር አናስገባው።

ለሆቴልና ለዓሣ ቤት ባለቤቶች የማቀርበው ልመና ከሁሉም የሚከብደው ነው። በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣን ከሜኑ አውጡልን። ፍልሰታ ሲገባ ዓሣ የሚጠይቅ ሰው ይበዛል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው። ግን ያ ጾም የሚውለው ዓሣዎቹ ወንዝ አፍ ላይ በሚሰበሰቡበት ወቅት ላይ ነው። ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ደንበኛ ሲጠይቅ «አሁን የመራቢያቸው ጊዜ ነው» ብላችሁ ብትነግሩት ይገባዋል። ገዢ ከሌለ መረቡ ወንዝ አፍ ላይ አይዘረጋም። በምሽቱ መጨረሻ፣ አራተኛው ዋሽንት ካቆመ በኋላ፣ ይህን ቃል የገቡ ቤቶች ስም እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ሙዚቃው ሰውን ካስተከዘ በኋላ የሚጨበጥ ነገር ሳይሰጠው ወደ ቤት ቢሸኘው ይቆጨኛል።

ከመምሪያው የምንፈልገው ትንሽ ነው። መጀመሪያ ደብዳቤ ነው። በዚህ ጊዜ ማይክሮፎንና ገመድ ይዞ ረግረግ ውስጥ የሚዞር ሰው ምን ሊመስል እንደሚችል ይገባኛል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከያዝን ግን እኛም ጥበቃውም ሰላም እናገኛለን። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ክፍት ቦታና ለዚያ ምሽት ብቻ በአካባቢው ሞንታርቦ እንዳይከፈት መመሪያ። የእኛ ስፒከሮች ትንንሽ ናቸው፤ ሣሩ ውስጥ እንበትናቸዋለን፤ ሰው በመካከላቸው ይቀመጣል። መብራት ቢጠፋ በባትሪ እንሠራለን። ጄኔሬተር አናስነሳም፣ ጩኸቱ ሁሉን ያበላሸዋል። መግቢያው በነጻ ይሁን፣ ትምህርት ቤቶችም ይጋበዙ።

ቀኑን በተመለከተ ጥር 25ን እንመርጣለን። የዓለም የእርጥብ መሬቶች ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በዚያ ዕለት ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቀኑን ለማክበር የሚያስፈልገው ምክንያት በእጃችን ነው። ቀኑ የማይመች ከሆነ በዚያው ሳምንት ሌላ ምሽት ይሰጠን፤ ክሬኖቹ ሳይሄዱ ግን ይሁን።

እስካሁን የቀዳሁትን በፍላሽ አድርጌ ወደ ቢሯችሁ ይዤ እመጣለሁ። የጆሮ ማዳመጫም ይኖረኛል። ከመወሰናችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ አዳምጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የባሕር ዳር ነዋሪ የሆነ የድምፅ ባለሙያና ዋሽንት ነፊ

ግልባጭ፦
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣና የአዕዋፍ ተመራማሪዎች
በጣና ዙሪያ ለሚገኙ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት
በከተማው ለሚገኙ የአዝማሪ ቤቶች